የክንዱ መለኪያ የማያየው ግፊት

እሱ፦ ዛሬ የትንፋሽ ማጠር፣ የደም ግፊትና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም እንዴት እንደሚገናኙ እናወራለን።

እሷ፦ ከአያቴ ልጀምር።

እሱ፦ ከእንጎቻዋ?

እሷ፦ ከእሱ ነው እንጂ! የኩታበሯ አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ በኩበት ጋግራለች። ማድ ቤቱ ቀዳዳ የለውም። ልጆች ሆነን እንጎቻችንን ተቀብለን ዓይናችንን እያሸን እንወጣለን። እሷ እዚያው ጭሱ ውስጥ ናት።

እሱ፦ እንጎቻው በበርበሬ...

እሷ፦ በዘይትና በበርበሬ! ታዲያ ደሴ ስትመጣ ዳገቱ ላይ ሦስቴ ታርፋለች። «ብርድ ነው የመታኝ» ትላለች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ትንፋሿ ሳይመለስ ለኳት፤ 160። «ግፊት ነው» ተባለ።

እሱ፦ 160 እኮ ብዙ ነው።

እሷ፦ ዳገት ወጥታ! ትንፋሽ ሲያጥር ሰው ይጨነቃል፣ ልብ ይመታል፣ ግፊትም ለጊዜው ይወጣል። ቢያንስ 5 ደቂቃ ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። በሌላ ቀን አርፋ ስትለካ 130 ሆነ። ትንፋሿ ግን ያው ነው።

እሱ፦ ስለዚህ አይገናኙም?

እሷ፦ ይገናኛሉ! ግን የክንዱ አይደለም። ሳንባ የራሱ ግፊት አለው። ክንዱ ላይ 120 በ80 የሆነ ጤነኛ ሰው፣ የሳንባው ደም ሥር ላይ አማካዩ 14 ገደማ ነው። የዓመታት ጭስ ሳንባን ሲጎዳ ኦክስጅን ያንሳል፤ ኦክስጅን ያነሰው የሳንባ ክፍል ደግሞ ደም ሥሩን ያጠብባል። በዚያ ጠባብ መንገድ ደም ለመግፋት የልብ ቀኝ ክፍል ይለፋል። አማካዩ ከ20 ካለፈ የሳንባ ደም ግፊት ነው። የክንድ መለኪያ ይህን ፈጽሞ አያየውም! የልብ ቀኝ ክፍል ሲደክም እግር ያብጣል፤ እኛም እግሯ ሲያብጥ ነው የነቃነው። የልብ አልትራሳውንድ ባይነሳ ኖሮ እስከ ዛሬ ብርድ ነው እንል ነበር።

እሱ፦ ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ብትወርድስ?

እሷ፦ ኦክስጅኑ እዚያ ይሻላል። ጭሱ ከተከተላት ግን ምን ዋጋ አለው?

እሱ፦ እኔ መውረዱ ይረዳታል ባይ ነኝ።

እሷ፦ ይረዳት ይሆናል። እኔ ግን ከማድ ቤቱ ነው የምጀምረው። ደግሞ የግፊት መድኃኒት ሲታዘዝ ሳንባዬን ያመኛል በሉ። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉት የአየር ቧንቧን ሊያጠቡ ይችላሉ። የጀመራችሁትን ግን ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ።

እሱ፦ እንጎቻውስ?

እሷ፦ አሁን በኤሌክትሪክ ምጣድ እኔ ነኝ የምጋግረው። እሷ በር ላይ ቁጭ ብላ «አልበሰለም፣ መልሺው» ትለኛለች።