ለመራጭ መዋሸት፣ በሪፖርት ላይ መዋሸት፦ የጆርጅ ሳንቶስ ጉዳይ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች፣ ክቡራንና ክቡራት እንግዶች፦

በፖለቲከኞች ቅጥፈትና በምርጫ ዘመቻ ገንዘብ ዙሪያ እንድናገር ስጋበዝ፣ ብዙ አገር እየዞርኩ ብዙ ስም ከምጠራ አንድ ጉዳይ ይዤ እስከ ሥሩ ብወርድ እንደሚሻል አሰብኩ። የመረጥኩት ሰው ጆርጅ ሳንቶስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከኒውዮርክ 3ኛ የምርጫ ወረዳ የሪፐብሊካን ፓርቲን ወክሎ ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የተመረጠው፣ ዓመት ከአንድ ወር ገደማ በኋላም ከዚያው ምክር ቤት የተባረረው። ውሸቶቹ አስቂኝ መሆናቸውን አልክድም፤ ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ግን ሳቁ አይደለም። ይህ ሰው ለመራጮቹ የነገራቸው ውሸት በሕግ ፊት ከሞላ ጎደል ምንም አላመጣበትም። እስር ቤት ያስገባው ስለ ገንዘብ የዋሸው ነው፤ ከዚያም ውስጥ ዋነኛው፣ ከምርጫው ቀን በፊት ማንም ሰው ከፍቶ ሊያየው በሚችል ሪፖርት ላይ በቁጥር ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

ስለ ሕይወት ታሪኩ ባጭሩ ልለፍ። ከባሩክ ኮሌጅ በከፍተኛ ውጤት ተመርቄያለሁ አለ፤ ኮሌጁ አያውቀውም። በታላላቆቹ ባንኮች በሲቲግሩፕና በጎልድማን ሳክስ ሠርቻለሁ አለ፤ ሁለቱም በሠራተኞቻቸው መዝገብ አላገኙትም። አያቶቼ ከሆሎኮስት ያመለጡ አይሁዶች ናቸው አለ፤ የትውልድ መዛግብት ብራዚል የተወለዱ መሆናቸውን አሳዩ። እናቱ በሴፕቴምበር 11 ጥቃት ዕለት ከመንትዮቹ ሕንጻዎች በአንዱ ውስጥ እንደነበረች ተናገረ፤ የኢሚግሬሽን ሰነዶች ግን በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ እንዳልነበረች ይጠቁማሉ። በኮሌጁ የመረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ኮከብ ተጫዋች ነበርኩ ብሎ ለአካባቢው የፓርቲ ሊቀ መንበር መንገሩን ስታነቡ፣ ሰውየው የሚዋሸው ለጥቅም ብቻ ነው ወይስ ልማድ ሆኖበት ነው ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። እኔም ጠይቄያለሁ፤ መልስ ግን የለኝም።

ከዚህ ሁሉ አንዱም በራሱ ወንጀል አልነበረም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በአልቫሬዝ ጉዳይ፣ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሜያለሁ ብሎ በስብሰባ ላይ የዋሸን የአንድ የውኃ ቦርድ አባል ለመቅጣት ያገለገለውን ሕግ፣ የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ብሎ ሽሮታል። ውሳኔው ብዙዎችን ቢያበሳጭም ምክንያቱን መረዳት አይከብድም፤ አንድ ዕጩ ስለ ራሱ የተናገረው እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለውን መንግሥት እንዲፈርድ መፍቀድ፣ ሥልጣን ላይ ላለ ወገን ሁሉ ተፎካካሪውን የሚያስርበት በር መክፈት ነው። ስለዚህ ያንን ፍርድ ሕጉ ለመራጩና ለጋዜጠኛው ትቶታል።

ገንዘብን በሚመለከት ግን ሕጉ እንዲህ ቸልተኛ አይደለም። ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ካወረደው የዋተርጌት ቅሌት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 በተደረገው የሕግ ማሻሻያ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ተቋቋመ። ለፌዴራል ሥልጣን የሚወዳደር ዕጩ በምርጫ ዓመት ቢያንስ በየሦስት ወሩ የገቢና የወጪ ሪፖርት እንዲቀርብለት ይገደዳል፤ በጠቅላላው ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ለጋሽ በስሙ፣ በአድራሻው፣ በሥራውና በአሠሪው ተለይቶ ይመዘገባል። አንድ ግለሰብ ለአንድ ዕጩ ሊሰጥ የሚችለው መዋጮም ጣሪያ አለው፤ በ2022ቱ ምርጫ ጣሪያው ለፓርቲ ውስጥ ማጣሪያ 2,900፣ ለዋናው ምርጫ ደግሞ ሌላ 2,900 ዶላር ነበር። ዕጩው ግን ከራሱ ኪስ ያሻውን ያህል ማዋጣት ወይም ለራሱ ዘመቻ ማበደር ይችላል። የሳንቶስ ጨዋታ የተጀመረው ከዚህች የመጨረሻ ፈቃድ ነው።

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ፤ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነውና። የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ተስፋ አላቸው ብሎ ላመነባቸው ዕጩዎች የገንዘብና የሙያ ድጋፍ የሚያደርግበት መርሐ ግብር ነበረው። ወደዚያ ለመግባት ከሚጠየቁት መስፈርቶች አንዱ በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ከሌሎች ሰዎች ቢያንስ 250,000 ዶላር መሰብሰብ ነበር። ሳንቶስና የዘመቻው ገንዘብ ያዥ ይህን ያህል አልሰበሰቡም። ስለዚህ የራሳቸውን ቤተሰቦች ስም እየጻፉ፣ እነዚያ ሰዎች ያልሰጡትን መዋጮ እንደሰጡ አድርገው ሪፖርት አደረጉ። ቀጥሎ ሳንቶስ ለዘመቻው 500,000 ዶላር እንዳበደረ ተመዘገበ። ዐቃቤ ሕግ በኋላ እንዳስረዳው፣ በዚያን ጊዜ በግሉም ሆነ በድርጅቱ ሒሳቦች ውስጥ የነበረው ገንዘብ ተደምሮ 8,000 ዶላር አይሞላም ነበር። ብድሩ በወረቀት ላይ እንጂ በባንክ ውስጥ አልነበረም።

ብልሃቱን ልብ በሉ፤ የሌለው ገንዘብ ያለውን ገንዘብ ጠራ። ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ከኪሱ ያወጣ ዕጩ ቁርጠኛ ነው፣ ሀብታም ነው፣ ማሸነፍ ይችላል ተብሎ ይታመናል፤ ፓርቲው ያግዘዋል፣ ፓርቲው ያገዘውን ደግሞ ለጋሾች ይከተሉታል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የሳንቶስ ውሸት ግን በየሩብ ዓመቱ እውነተኛ ዶላር እየተጨመረበት እያደር ከበደ። እ.ኤ.አ. በ2020 ተወዳድሮ የተሸነፈው ሰው፣ በ2022 በ8 መቶኛ ነጥብ ያህል ልዩነት አሸነፈ።

ከለጋሾቹ ላይ የተፈጸመው ደግሞ ተራ ስርቆት ነበር። መዋጮ ለመክፈል የክሬዲት ካርድ ቁጥራቸውን የሰጡ ሰዎች፣ ያለ ፈቃዳቸው ካርዳቸው ደጋግሞ እንዲከፍል ተደረገ፤ ገንዘቡም በሌሎች ሰዎች ስም እንደተሰጠ ተደርጎ ተመዘገበ። በአንድ ወቅት ከአንድ ለጋሽ ካርድ 12,000 ዶላር ተወስዶ አብዛኛው ወደ ሳንቶስ የግል ሒሳብ ገብቷል። በሌላ መንገድ ደግሞ፣ ለዘመቻው ድጋፍ የሚውል፣ የመዋጮ ጣሪያ የማይመለከተው ድርጅት አለ ተብለው ሁለት ለጋሾች እያንዳንዳቸው 25,000 ዶላር ሰጡ። ገንዘቡ የዋለው ለታዋቂ ፋሽን ቤቶች ልብስ፣ ለመኪና ክፍያና ለግል ዕዳ ነበር። ከገንዘብ አሰባሳቢዎቹ አንዱ የአንድ ከፍተኛ የምክር ቤት አመራር ረዳት ነኝ እያለ ለጋሾችን ያነጋግር እንደነበር በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኗል።

አሁን ወደ እናንተ ሙያ ልምጣ። ይህን ሁሉ ማን ሊያውቅ ይችል ነበር? የካርዱን ስርቆት ምናልባት ማንም። የቀረው ግን በሪፖርቶቹ ውስጥ ነበር። በሕጉ መሠረት ከ200 ዶላር በላይ ለሆነ ወጪ ዘመቻው ደረሰኝ መያዝ አለበት፤ የሳንቶስ ሪፖርቶች ደግሞ ልክ 199 ዶላር ከ99 ሳንቲም በሆኑ ወጪዎች የተሞሉ ነበሩ። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው፤ በምግብ ቤት፣ በሆቴል፣ በትራንስፖርት፣ በየቦታው ያው ዋጋ ሲደጋገም ግን ወጪው የተጻፈው ሕጉን በደንብ በሚያውቅ እጅ መሆኑ ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዕጩ በነበረበት ጊዜ ባቀረበው የሀብት መግለጫ 55,000 ዶላር ገቢ ብቻ ያስመዘገበ ሰው፣ በ2022 ባቀረበው መግለጫ 750,000 ዶላር ደመወዝ፣ ከ1 ሚሊዮን እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የትርፍ ድርሻና ያንኑ ያህል የቁጠባ ገንዘብ አለኝ ብሏል። ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ለማስቀመጥ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው አንድ ትንሽ የሰፈር ጋዜጣ ነበር። በሎንግ አይላንድ የሚታተመው ኖርዝ ሾር ሊደር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022፣ ማለትም ከምርጫው በፊት፣ የዕጩው ሀብት ያለ ምክንያት ተተኩሶ መውጣቱን ጻፈ። ጋዜጣው ወደ ሪፐብሊካኖች የሚያዘነብል ሆኖ ሳለ፣ ሰውየው አስመሳይ ነው ብሎ ድጋፉን ለዴሞክራቱ ተፎካካሪ ሰጠ። ማንም አልተከተለውም። ኒውዮርክ ታይምስ ታሪኩን በሰፊው ያወጣው በዲሴምበር 2022፣ ድምፅ ተቆጥሮ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ነው። በዓለም ላይ ጋዜጠኛ ከበዛባቸው ከተሞች በአንዷ ደጃፍ ይህ መሆኑን ሳስብ፣ ትልልቆቹን የዜና ተቋማት ከመውቀስ ራሴን መግታት አልችልም።

ወቀሳው ግን ለእነሱ ብቻ አይደለም። የዴሞክራቶቹ የተፎካካሪ ጥናት ቡድን ስለ ሳንቶስ ረጅም ሰነድ አዘጋጅቶ ዋናዎቹን ቅጥፈቶች ስቷል። የራሱ የሳንቶስ ዘመቻ ደግሞ ደካማ ጎኑን እንዲያጠኑለት ባለሙያዎች ቀጥሮ ነበር፤ እነሱ ትምህርቱን ጨምሮ ችግሮቹን ደርሰውበት ከውድድሩ እንዲወጣ መከሩት፤ አልወጣም አለ፤ አንዳንዶቹ ሥራቸውን ለቀው ሄዱ። ሄዱ እንጂ ለሕዝብ አልተናገሩም። እኔን ከሳንቶስ ይልቅ የሚከነክነኝ የእነዚህ ሰዎች ዝምታ ነው፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ሊኖርባቸው እንደሚችል ባውቅም።

ነገሩ ከተጋለጠ በኋላም ፓርቲው ተከፋፈለ። የምርጫ ወረዳው ክፍል የሆነው የናሶ ካውንቲ ሪፐብሊካኖች በጃንዋሪ 2023 ሥልጣኑን እንዲለቅ በይፋ ጠየቁት። በዋሽንግተን ግን የሪፐብሊካኖቹ መሪ ኬቨን ማካርቲ አፈ ጉባኤ ለመሆን 15 ዙር ድምፅ የፈጀበት፣ አብላጫው በጥቂት ወንበሮች ላይ የቆመ ምክር ቤት ስለነበር፣ የሳንቶስ አንድ ድምፅ ዋጋ ነበራት። በዚያው ወር ዘመቻው ሪፖርቱን አሻሽሎ ሲያቀርብ 500,000 ዶላሩ ከዕጩው የግል ገንዘብ የመጣ መሆኑን የሚያመለክተውን ምልክት አነሳ፤ ከየት እንደመጣ ግን አልገለጸም። ቀጥሎ አዲስ ገንዘብ ያዥ ሾምኩ ብሎ ለኮሚሽኑ አሳወቀ፤ የተባለው ሰው ጠበቃ ደንበኛቸው ሥራውን አልቀበልም ብለው እንደነበር ተናገሩ።

የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በሜይ 2023 በ13 ክሶች ከሰሰው፤ በኦክቶበር ክሶቹ 23 ደረሱ። የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በኖቬምበር 16 ቀን 2023 ባወጣው ሪፖርት የዘመቻ ገንዘብ ለቦቶክስ የውበት መርፌ፣ ለኤርሜስ የቅንጦት ዕቃዎችና ኦንሊፋንስ በሚባለው የአዋቂዎች ድረ ገጽ ላይ ለተደረገ ግዢ መዋሉን ዘረዘረ። ከሪፖርቱ በፊት ሳንቶስን ለማባረር የቀረበው ሐሳብ 179 ለ213 ወድቆ ነበር፤ ከሪፖርቱ በኋላ፣ በዲሴምበር 1 ቀን፣ 311 ለ114 አለፈ። በምክር ቤቱ ታሪክ የተባረረ ስድስተኛው አባል ሆነ፤ ከቀደሙት አምስት ሦስቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ለተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች (ለኮንፌዴሬሽኑ) ወግነው፣ ሁለቱ ደግሞ በሙስና ተፈርዶባቸው የተባረሩ ናቸው። ገና ሳይፈረድበት በሙስና ተጠርጥሮ የተባረረ አልነበረምና፣ 'ፍርድ ቤቱን እንጠብቅ' ያሉት አባላት ክርክር ጨርሶ ባዶ አልነበረም። የኮሚቴው ማስረጃ ግን የሰውየው የራሱ የባንክ ሰነድ ነበር፤ እኔ በዚያ ወንበር ላይ ብሆን ድምፄን ለመስጠት ፍርድ ቤቱን አልጠብቅም ነበር።

በኦገስት 2024 ሳንቶስ በኤሌክትሮኒክ መገናኛ ማጭበርበርንና የሌላን ሰው ማንነት መስረቅን አምኖ ጥፋተኛ ሆነ። በኤፕሪል 2025 የ87 ወራት እስራት ተፈረደበት፤ ወደ 374,000 ዶላር የሚጠጋ ካሳ እንዲከፍልና ወደ 205,000 ዶላር የሚጠጋ እንዲወረስበትም ተወሰነ። በጁላይ እስር ቤት ገባ። በኦክቶበር 17 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ቅጣቱን አቀለሉለትና ሦስት ወር ሳይሞላው ወጣ። ፕሬዚዳንቱ ከዘረዘሯቸው ምክንያቶች አንዱ ሳንቶስ ዘወትር ለሪፐብሊካን ድምፅ መስጠቱ ነበር። የቅጣት ማቅለያው የጥፋተኝነት ውሳኔውን አልሰረዘም፤ ያልተከፈለውን ካሳ የመክፈል ግዴታ ግን አነሳለት። ካርዳቸው የተበዘበዘ ለጋሾች ፍርድ ቤት የፈረደላቸውን ገንዘብ ለማስመለስ የነበራቸው ዋነኛ መንገድ በዚህ ተዘጋ።

የሳንቶስ ዘመቻ ሪፖርቶች፣ የተሻሻሉትም ጭምር፣ ዛሬም በፌዴራል ምርጫ ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ አሉ። ከዕረፍት በኋላ የአንዱን ሩብ ዓመት ሪፖርት ከፍተን የወጪውን ዝርዝር መስመር በመስመር አብረን እናነባለን። ለማንበብ ስትዘጋጁ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ እናንተ የምታውቁትን ፍጻሜ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጋችሁ፣ ምርጫው ሁለት ወር እንደቀረው ጋዜጠኛ ሆናችሁ፣ በየትኛው መስመር ላይ ስልክ አንሥታችሁ ለማን እንደምትደውሉ ጻፉልኝ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።