የሰርግ ዲቪዲ በሊኑክስ፦ በርን ማድረግና መፈተን

እንዴት ሰነበታችሁ! ጥር ነው፤ ጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ ጥምቀቷን አክብራ ወደ ሰርግ ዞራለች። ቪዲዮ የምትሠሩ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ሙሽራው በፍላሽም በቴሌግራምም ይውሰድ፣ እናቱ ግን ዲስክ ነው የሚፈልጉት። እንግዳ ሲመጣ ዴኩ ውስጥ የሚገባ ዲስክ! ስለዚህ ዛሬ በርን እናደርጋለን፣ ማለትም ቪዲዮውን ዲስክ ላይ እንጽፋለን፤ ከበርኑም በላይ እንፈትነዋለን።

ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ሲጽፍ አይታችኋል? ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ለስልሶ ካለቀ በኋላም ወዲያው ቀለም አይነካውም። መጀመሪያ በወስፌ ይሰመራል። መስመሩ ከሩቅ አይታይም፤ ጽሑፉ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያበቃ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ከዚያ በጥቁሩ ይጻፋል፣ ቅዱሱ ስም በቀዩ። ተጽፎ ሲያልቅስ? ገና ነው! ከተገለበጠበት መጽሐፍ ጋር ቃል በቃል ይተያያል፤ የተሳተው በምላጭ ይፋቃል። ዲቪዲም እንዲሁ ነው፤ መስመር አለው፣ ጽሑፍ አለው፣ ማስተያየት አለው። መፋቅ ብቻ የለውም። ዲቪዲ አር ላይ ያለውን ቀለም ሌዘሩ አንዴ ከለወጠው፣ ለወጠው።

አሁን ደጋግማችሁ የምትጽፉልኝ ነገር፦ «ሊኑክስ ላይ በርን ያደረግነውን የቤት ዴክ አያነበውም።» አይደለም ወገኖቼ! ዴኩ ዲስኩ በዊንዶውስ ይጻፍ በሊኑክስ አያውቅም። የሚፈልገው ቪዲዮ ቲኤስ የሚባለውን ፎልደር ነው። ኤምፒ4 ጎትታችሁ ብትጥሉበት የሠራችሁት ዳታ ዲስክ ነው። ላፕቶፕ ያጫውተዋል፤ አንዳንድ ዴክም ያጫውተው ይሆናል። ሰው ገንዘብ የከፈለበትን ሥራ ግን በ«ይሆናል» አንሰጥም! ፎልደሩ ውስጥ ቪኦቢ ምስልና ድምፁን ይይዛል፣ አይኤፍኦ የት ምን እንዳለ ይናገራል፣ ቢዩፒ የአይኤፍኦው መጠባበቂያ ቅጂ ነው። የወስፌው መስመር ይኸው!

ተርሚናል፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ታውቃላችሁ ብዬ ልሩጥ፤ ትእዛዞቹ ስክሪኑ ላይ አሉ። በኤፍኤፍኤምፔግ ቪዲዮውን ዲቪዲ ወደሚቀበለው ኤምፔግ 2 እንቀይራለን፤ በፓል የቲቪ ደረጃ፣ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። በዲቪዲኦተር ፎልደሩ ይሠራል፣ በጄንአይኤስኦኢሜጅ አይኤስኦው፣ ማለትም የዲስኩ ይዘት በሙሉ በአንድ ፋይል፣ በግሮውአይኤስኦኤፍኤስ በርኑ። ተርሚናል የማትወዱ፣ በማውስ የሚሠሩት ዲቪዲስታይለርና ኬ3ቢ አሉላችሁ። መጠኑን ልብ በሉ፤ ዲስኩ ላይ 4.7 ጊጋ የተባለው በ1000 ሲሰላ ነው፣ በ1024 ሲሰላ 4.37 አካባቢ ነው፤ አይኤስኦው ከዚያ ከበለጠ ዲስኩ አይበቃውም።

ፍተሻው ላይ ግን አልቸኩልም። በርን ሳታደርጉ አይኤስኦውን በቪዲዮ ማጫወቻው በቪኤልሲ ክፈቱት፤ ሜኑው ይታዘዛል? ድምፁ ከከንፈር ጋር ይሄዳል? እዚህ የተገኘ ስህተት ዲስክ አያስከፍላችሁም። በርኑ ሲያልቅ ዲስኩን አውጥታችሁ መልሳችሁ አስገቡ፣ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ እንዲያነበው። ከዚያ ሁለት ፋይል በሚያስተያየው ትእዛዝ፣ በሲኤምፒ፣ ከአይኤስኦው ጋር አስተያዩት፤ በአይኤስኦው ርዝመት ልክ ብቻ፣ አለዚያ መጨረሻ ላይ ያለው ባዶ ትርፍ ስህተት ይመስላችኋል። ሲኤምፒ ዝም ካለ ቅጂው ልክ ነው።

ቅጂው ልክ ሆነ ማለት ግን ዴክ ያነበዋል ማለት አይደለም። ስለዚህ ዴክ ላይ፣ የሚቻል ከሆነ አሮጌ ዴክ ላይ፣ ሞክሩት። ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀምሩ፣ ከቅልቅሉ! ዲስክ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚጻፍ፣ ችግር ካለ ብዙ ጊዜ ጠርዙ ላይ ነው የሚወጣው። ካለፈ በለስላሳ ማርከር ስሙን ጻፉበት። ወረቀት አትለጥፉበት፤ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያዛባዋል። ሰብስክራይብ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ሜኑ እንሠራለን።