ወደ ብራሰልስ የሚደረገውን የተማሪዎች የጥናት ጉዞ ስለ ማዘጋጀት

(በደብረ ብርሃን ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

እንደምን አደራችሁ። የቅዳሜ ሥራችሁን ትታችሁ በመምጣታችሁ በጉዞ ዝግጅት ኮሚቴው ስም አመሰግናለሁ። የታሪክና የዜግነት ትምህርት መምህር የሆንኩትን እኔን ኮሚቴው ሰብሳቢ አድርጎ ከመረጠኝ ወዲህ ከወላጆች ዘንድ ሁለት ጥያቄዎች እየተደጋገሙ ደርሰውኛል። አንደኛው «ልጆቹ መቼ ነው የሚሄዱት?» የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ዞር ዞር ብሎ አይቶ የሚጠየቅ ነው፤ «እዚያው መቅረትስ አይቻልም ወይ?» ይላል። ሁለቱንም ዛሬ በአደባባይ ልመልስ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ባለፈው ስብሰባ ተማሪዎቹ በክረምቱ ዕረፍት፣ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ እንዲሄዱ ተስማምተን ነበር፤ ትምህርት ስለማይቋረጥባቸው ለሁላችንም ምቹ መስሎን ነበር። ኮሚቴው ግን ዛሬ ያንን ውሳኔ እንድታነሡልንና ጉዞው በሚመጣው ዓመት ጥር ወር መጨረሻ፣ በሁለቱ የትምህርት አጋማሾች መካከል እንዲሆን እንድትፈቅዱልን ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አውጪ የሆነው የአውሮፓ ፓርላማ በዚያ በክረምቱ ወቅት ለዕረፍት ይዘጋል፤ ልጆቻችን ያን ሁሉ አየር አቋርጠው የሚያዩት ባዶ ወንበር ይሆናል። በሥራው ወራትም ቢሆን ሳምንቱን መምረጥ ያስፈልጋል። ፓርላማው 720 አባላቱን ሰብስቦ ዋናውን ጉባኤ የሚያካሂደው በአብዛኛው በፈረንሳይዋ ከተማ በስትራስቡርግ ሲሆን፣ በዓመት 12 ጊዜ አባላቱ ሰነዳቸውን ይዘው ወደዚያ ይወርዳሉ። ብራሰልስ ላይ የሚሠሩት ኮሚቴዎቹ ናቸው፤ አንድ ረቂቅ ሕግ ቃል በቃል የሚፈተሸውና ድርድሩ የሚፋፋመውም እዚያው ኮሚቴ ውስጥ ነው። (የጽሕፈት ቤቱ መቀመጫ ደግሞ በሕግ ሉክሰምበርግ ነው። አንድ ፓርላማ በሦስት ከተማ የሚኖርበትን ምክንያት ራሳቸው ተማሪዎቹ መርምረው እንዲያስረዱን እፈልጋለሁ።) ፓርላማው የዓመቱን የሥራ መርሐ ግብር አስቀድሞ ያወጣል፤ ስለዚህ የኮሚቴ ሳምንት መርጠን፣ በቡድን ለመጎብኘት ቀጠሮ እንይዛለን። ለጉብኝቱ የሚከፈል ነገር የለም።

ጥር በብራሰልስ ብርድ ነው ብላችሁ የምትሰጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የኅዳርን ውርጭ ችለው ማልደው ትምህርት ቤት የሚመጡ የደብረ ብርሃን ልጆች በብርድ አይረቱም። የሚያስቸግራቸው ጨለማው ይሆናል፤ በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የምትጠልቀውም ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ጊዜው ከጥምቀት በኋላ፣ ከዐቢይ ጾምም በፊት ስለሚውል ለጸሎቱም ለምግቡም ይቀላል። ምግብ ካነሣሁ አይቀር ለእናቶች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንደ እኛ ካለ አገር የሚመጣ ተጓዥ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ ቋንጣና ቅቤ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። በሶ ይበቃል።

ጥርን እንድንመርጥ ያደረገን ሌላው ጉዳይ የቪዛው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትፍረዱብኝ። ቤልጅየም አባል አገሮቹ የጋራ ቪዛ የሚሰጡበት የሸንገን ስምምነት አባል ስለሆነች ልጆቻችን የሚጠይቁት የአጭር ጊዜ ቪዛ ነው። ማመልከቻው ከጉዞው ከስድስት ወር በላይ ቀድሞ አይገባም። ውሳኔው በተለምዶ በ15 ቀን ይሰጥ የነበረ ቢሆንም፣ የአባል አገሮቹ ሚኒስትሮች የሚሰበሰቡበት የኅብረቱ ምክር ቤት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ሚያዝያ ወር ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛው ጊዜ 45 ቀን እንዲሆን ተደርጓል፤ አንዳንድ ሰነዶችን በይቅርታ ማለፍም ቀርቷል። ስለዚህ ከጥር ወደ ኋላ ስንቆጥር፣ ፓስፖርት በነሐሴ መጨረሻ እጃችን ሊገባ፣ ማመልከቻውም በጥቅምት መጀመሪያ ሊቀርብ ይገባል። ዛሬ ግንቦት ላይ ሆነን «ሐምሌ እንሂድ» ብንል ኖሮ ሩጫ ብቻ ይተርፈን ነበር።

ደስ የሚል ነገርም አለ። የአዋቂ ሰው የቪዛ ክፍያ 90 ዩሮ ቢሆንም፣ የኅብረቱ የቪዛ ሕግ ለትምህርት የሚጓዙ ተማሪዎችንና አብረዋቸው የሚሄዱ መምህራንን ከዚህ ክፍያ ነፃ ያደርጋል፤ ይህንን ሳያውቁ የሚከፍሉ ብዙ ናቸው። የሕክምና መድን ግን ግዴታ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ዕድሜው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ተማሪ የወላጆቹን የጽሑፍ ፈቃድ ያቀርባል። ሁሉም ተማሪ አዲስ አበባ ድረስ በአካል ሄዶ የጣት አሻራውን ይሰጣል።

ከብዙ ዓመታት በፊት በሌላ ትምህርት ቤት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጉዞ አዘጋጅተን ነበር፤ አሥራ ሁለቱም ተማሪዎች ተከለከሉ። በእጃቸው የተሰጣቸው ወረቀት ላይ ምልክት የተደረገበት ምክንያት፣ ቪዛው ከማብቃቱ በፊት አገሩን ለቅቀው ስለ መውጣታቸው ጥርጣሬ አለ የሚል ነበር። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ የማመልከቻዎቹን ግልባጭ አውጥቼ ሳያቸው ግን ጥፋቱ የእኛም እንደነበር ተረዳሁ። የአሥራ ሁለቱም ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነበር፤ ስሙ ብቻ ይለያያል። ልጁ ለምን እንደሚሄድ፣ ማንን ሊያነጋግር እንዳሰበ፣ ተመልሶ ምን እንደሚሠራ የሚናገር አንድ መስመር አልነበረም። የአንዳንዶቹ የባንክ ደብተር ደግሞ ሊያመለክቱ ሳምንት ሲቀረው በድንገት ያበጠ ነበር። ያንን ወረቀት ያየ ባለሥልጣን እኔም ብሆን ኖሮ እጠራጠር ነበር።

ይህም ወደዚያ በሹክሹክታ ወደሚጠየቀው ጥያቄ ያመጣኛል። አትቆጡኝና፣ ጥያቄውን የምትጠይቁት ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ልጁ እንዲያልፍለት የማይመኝ ወላጅ የለም። ነገር ግን መልሱ አይቻልም ነው። አንድ ልጅ ቢቀር በቀጣዩ ዓመት የሚያመለክቱት ልጆች በር ይዘጋባቸዋል፤ የፈረሙት መምህራንም ቃላቸውን አጥፈው ይቆጠራሉ። የቀረው ልጅ ራሱ ደግሞ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ያለ ቋንቋና ያለ ዘመድ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ እስኪታይ በመጠለያ ይቀመጣል። ውጭ አገር ለመማር የሚፈልግ ተማሪ ካለ መንገዱ ሌላ ነው፤ ማመልከቻውን በመጻፍ እኔ ራሴ አግዘዋለሁ። በዚህ ጉዞ ተመልሼ አልመጣም የሚል ሐሳብ በልቡ ያለ ልጅ ግን ካሁኑ ቢተው ይሻላል። ወላጆችም ይህን ማታ ቤታችሁ በግልጽ ተነጋገሩበት።

እስከ ጥር ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምንጠቀምበት ልናገር። ጥናቱ የሚጀመረው እዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው መዳረሻችን አንኮበር ነው። በ1841 በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካፒቴን ሀሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ ነበር። ቡድኑ ወደ ላይ እንዲወጣ የንጉሡ ፈቃድ እስኪደርሰው ድረስ ቆላው ላይ፣ አልዩ አምባ፣ መቆየት ነበረበት። እንግዲህ ከእኛ ደጅ ቆሞ ፈቃድ የጠበቀ አውሮፓዊም ነበር ማለት ነው፤ ልጆቻችን የጣት አሻራ ለመስጠት ሲሰለፉ ይህን ቢያስታውሱ ፈገግ ይላሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የተፈረመውን ውል አንብበው፣ ሁለቱ ወገኖች ከውሉ ምን እንደፈለጉ በጽሑፍ ያቀርባሉ።

ሁለተኛው መዳረሻ አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ኅብረት ነው። ከዚህ 130 ኪሎ ሜትር ላይ የ55 አገሮች ማኅበር መቀመጫ እያለ፣ ከሰባት ሰዓት በላይ በረን ሄደን የሌሎችን ብቻ ብናይ ነውር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየታቸው ብዙ ያስተምራቸዋል። የአፍሪካው ማኅበር በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተብሎ ሲመሠረት የአባል አገሮችን ሉዓላዊነትና ድንበር በማስከበር ላይ ቆመ። የአውሮፓው ደግሞ የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮበርት ሹማን በግንቦት 1950 ካቀረበው ሐሳብ ተነሥቶ፣ ፈረንሳይና ጀርመን ጦር መሣሪያ የሚሠሩበትን የድንጋይ ከሰልና ብረት በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር በማድረግ ጀመረ፤ ማለትም ከሉዓላዊነታቸው ቆንጥረው በመስጠት። ይህን ልዩነት ያልያዘ ተማሪ የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን የሚሠራበትን የቤርሌሞንን ሕንፃ ቢያይ መስታወትና ባንዲራ ብቻ ያያል።

ብራሰልስ ውስጥ ከኅብረቱ ይልቅ እኔን የሚያጓጓኝ ራሷ ቤልጅየም ናት። በ1830 ነፃ መንግሥት የሆነች፣ ደች፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ የሚነገርባት፣ በ1993 በሕገ መንግሥቷ ፌዴራላዊ መሆኗን ያወጀች ትንሽ አገር ናት። ዋና ከተማዋ ውስጥ የየመንገዱ ስም በሁለት ቋንቋ ይጻፋል። በ2010 ከተደረገው ምርጫ በኋላ ፓርቲዎቹ ሳይስማሙ ቀርተው አገሪቱ 541 ቀን አዲስ መንግሥት ሳይመሠረት ኖራለች፤ ይሁን እንጂ ተሰናባቹ መንግሥትና የክልሎቹ አስተዳደሮች ሥራቸውን ስለቀጠሉ ትምህርት ቤቱም ባቡሩም አልቆመም። ከብራሰልስ በባቡር ብዙ በማይርቀው በሉቨን ደግሞ በ1425 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ በ1968 በቋንቋ ምክንያት ለሁለት ተከፍሏል፤ ቤተ መጻሕፍቱን ሲካፈሉም መጽሐፎቹን በመለያ ቁጥራቸው ጎዶሎና ሙሉ እየተባለ እንደተከፋፈሉ ይነገራል። ቋንቋንና መንግሥትን በተመለከተ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ብዙ የሚጠየቅ አለ፤ ምን መልስ ይዘው እንደሚመጡ ካሁኑ መወሰን ግን የእኔ ድርሻ አይደለም።

አንድ ሙሉ ቀን የምንሰጠው ብራሰልስ አጠገብ ላለችው ለቴርቩረን ነው። በ44 ቁጥር ትራም ይደረሳል። በዚያ የሚገኘው የመካከለኛው አፍሪካ ሙዚየም መነሻው የቤልጅየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ በ1897 ያዘጋጁት የኮንጎ ዐውደ ርእይ ነው። ለዚያ ዐውደ ርእይ 267 ኮንጎአውያን መጥተው ለተመልካች እንዲታዩ ተደርገዋል፤ ሰባቱ እዚያው ሞተው ተቀበሩ። ዓመቱን ልብ በሉት፤ ጣልያን ዓድዋ ላይ ድል በተመታ በዓመቱ ነው። ከዚሁ ጋር ተማሪዎቹ የሚያጠኑት ሌላ ታሪክም አለ፦ በ1941 ከቤልጅግ ኮንጎ ተነሥተው የመጡ ኮንጎአውያን ወታደሮች በቤልጅግ መኮንኖች እየተመሩ በአሶሳና በጋምቤላ ጣልያንን ተዋግተዋል፤ ሐምሌ ላይም የጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራ በሳዮ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ በምንለው ስፍራ፣ እጁን ሰጥቷል። ለእኛ ነፃነት የሞቱትን የእነዚያን ሰዎች ነገር በትምህርት ቤት አላስተማርናቸውም። እኔም የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ተጓዦቹ 16 ተማሪዎችና 3 መምህራን ይሆናሉ። የሚመረጡት በአንድ ገጽ ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ አመልካች ብራሰልስ ሄዶ የሚመረምረውን አንድ ጥያቄ ለምን እንደመረጠው ጭምር ጽፎ ያቀርባል። ከቀረቡት መካከል አንዷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ በ24 ቋንቋ የሚሠራ ማኅበር ሕግ ሲያወጣ የሚጸናው የትኛው ቋንቋ ጽሑፍ እንደሆነ ጠይቃለች። ወዲያው ልመልስላት አልቻልኩም፤ ገብቼ ሳነብ ሁሉም እኩል እንደሚጸኑ አገኘሁ። አሁን ደግሞ ሁለት ቋንቋ ቢቃረን ዳኛው ምን ያደርጋል ብላ ይዛኛለች።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ማደሪያና ምግብ ዋናዎቹ ወጪዎች ናቸው። ከነጋዴዎቻችንና አዲስ አበባ ካሉ ተወላጆች መዋጮ እንጠይቃለን። ማንም ወላጅ ለዚህ ጉዞ በግ እንዲሸጥ አንፈልግም። የሚሰበሰበው ካልበቃ ቁጥሩን ከ16 ወደ 10 እናወርዳለን እንጂ፣ ያላነበበውን ባለገንዘብ በተመረጠው ልጅ ቦታ አናስገባም፤ በዚህ የሚቀየመኝ ካለ ካሁኑ ይቀየመኝ።

የመጨረሻው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ያሰናከለ ግን እሱ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በቀበሌው ያውጣ። ያለውም ቢሆን ስሙ በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በትምህርት ማስረጃውና በወላጆቹ መታወቂያ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፎ እንደሆነ ያረጋግጥ። ኃይለ ሚካኤል የሚለው ስም ብቻውን በአራት ዓይነት ተጽፎ አይቻለሁ፤ አንዱ ወረቀት ላይ ተያይዞ፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ። በሩ ላይ ያሉት ሁለት መምህራን ሰነዳችሁን ተቀብለው ዛሬውኑ ያመሳክሩላችኋል። ከዚያ በፊት ግን ስለ ጥር ወር እጃችሁን አውጥታችሁ እንድትወስኑልን መድረኩን ለስብሰባው መሪ እመልሳለሁ። አመሰግናለሁ።