ታናሹ የጻፈው ወረቀት

የተከበራችሁ የተቋማት ኃላፊዎች፣ ውድ ወጣት የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ለስልጠና አዳማ ስመጣ ይህ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። በፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ ቁርስ በልቶ የተነሣ ሰው ለሻይ ሰዓት እዚህ ይደርሳል፤ ሰልጥኖ፣ ሰርተፍኬቱን ተቀብሎ፣ የጋራ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ስልጠናን አልንቅም፤ ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን በ27 ዓመት የመረጃና ደኅንነት አገልግሎቴ ያየኋቸው ጥሩ መሪዎች የተሠሩት ሰኞ ጠዋት ቢሮ ውስጥ፣ የጻፉትን ወረቀት ይዘው የታላቃቸውን በር ባንኳኩበት ሰዓት ነው።

ስለ አንድ ወረቀት ልንገራችሁ። በመስከረም 1966 ዓ.ም. በእስራኤል ጦር የደቡብ ዕዝ የመረጃ ክፍል ውስጥ ቢንያሚን ሲማን ቶቭ የሚባል ወጣት መቶ አለቃ ይሠራ ነበር። ግብፅ ከስዊዝ ቦይ ማዶ ጦሯን ታንቀሳቅሳለች። የበላይ አካሉ ግምገማ «ልምምድ ነው» የሚል ነው፤ ግብፅ የረጅም ርቀት አውሮፕላንና ሚሳኤል ሳታገኝ ጦርነት አትከፍትም ተብሎ አስቀድሞ ተደምድሟል። መቶ አለቃው መስከረም 21 አንድ ሪፖርት ጻፈ፤ መስከረም 23 ደግሞ ሌላ። ልምምዱ የጦርነት መሸፈኛ ሊሆን ይችላል ሲል አስጠነቀቀ። ሪፖርቱ ከላይኛው ግምገማ ጋር ስለሚጋጭ የቅርብ አለቃው ወደ ላይ አላሳለፈውም። መስከረም 26 ጦርነቱ ተጀመረ።

በኋላ ዳኛ ሺሞን አግራናት የመሩት አጣሪ ኮሚሽን የዚህን ወረቀት ነገር አነሣው። በጦሩ የመረጃ መምሪያ ውስጥም የተያዘን ድምዳሜ በተቃራኒው እየሞገተ የሚጽፍ ክፍል ተቋቋመ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ያዘንኩት ለመቶ አለቃው ነበር። ዛሬ የሚያስጨንቀኝ አለቃው ነው፤ እሱን ሆኜ አውቃለሁና። ክፍል ኃላፊ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ወጣት ተንታኝ በሬ ላይ ቆሞ «ይቅርታ፣ ያልገጠመልኝ ነገር አለ፤ ባሳይዎት» አለኝ። ለስብሰባ እየተጣደፍኩ ነበር። «ይደርሳል» አልኩት። በሌላ ሳምንት እንደገና መጣ፤ እንደገና «ይደርሳል»። ሦስተኛ ጊዜ አልመጣም። ከዚያ በኋላ የሚጽፋቸው ሪፖርቶች ሁሉ እኔ ከማስበው ጋር የሚስማሙ ሆኑ፤ እኔም ልጁ በሰለ ብዬ አመሰገንኩት! ዝውውር ጠይቆ ሲሄድ ነው የገባኝ። ዝም አይነቅዝም እንላለን። በእኛ ሥራ ግን ዝምታ ይነቅዛል።

ይህን ማድረግ ያልነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ምክንያቱም እኔን በሥራ ያሳደገኝ አለቃ እንዲህ አላደረገኝም። የመጀመሪያ ሪፖርቴን ይዤ ስገባ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «ያየሽውን በጥቁር፣ የሰማሽውን በሰማያዊ፣ የገመትሽውን በቀይ አስምሪበት» አለኝ። ሦስቱ ገጾቼ ከሞላ ጎደል በቀይ ተሞሉ። አልተቆጣኝም። «ግምት ነውር አይደለም፤ ግምት መሆኑን መደበቅ ነው ነውሩ» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ያ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ እስከ ዛሬ የምሠራው ግን በእሱ ነው።

በሌሎች ሙያዎች ተተኪን መደገፍ መልካም ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ግን አማራጭ የለውም። መምህር ቤቱ ገብቶ ስለ ተማሪዎቹ ያወራል፤ ነጋዴ ኪሳራውን ለጓደኛው ይናገራል። የእኛን ወጣት እናቱ «እንዴት ዋልክ?» ስትለው «ደህና» ብሎ እራቱን ይበላል። የተጠራጠረውን፣ የፈራውን፣ የተሳሳተውን የሚናገርለት ሰው ከቢሮው ውጭ ሊኖረው አይችልም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የሰውን ቤት፣ ደብዳቤ፣ የስልክ ንግግር ይጠብቃል፤ የ24 ዓመት ልጅ የተሰጠው ሥራ ከዚህ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ሲጠራጠር ማንን ነው የሚጠይቀው? ጎኑ የሚቀመጥ ታላቅ ከሌለው ወይ ይፈራና ይተወዋል፣ ወይ ሳያጣራ ይፈጽመዋል። ሁለቱም አገርን ይጎዳሉ፤ ሁለተኛው ደግሞ ዜጋን ይጎዳል።

እዚህ ላይ ለኃላፊዎች አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ወጣቱን የሚደግፈው ሰው የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን የሚሞላለት አለቃው መሆን የለበትም። ነጥብ በሚሰጠኝ ሰው ፊት «አልገባኝም» ለማለት እኔም አልደፍርም ነበር። ከሌላ ክፍል የመጣ ታላቅ ይመደብለት። የማትስማሙበትንም ሪፖርት በመሳቢያ አታስቀሩት፤ ያልተስማማችሁበትን ምክንያት ጽፋችሁ፣ የጸሐፊውን ስም ከላዩ ሳታጠፉ፣ አብራችሁ ወደ ላይ ላኩት። ተሳስቶ ከሆነ የሚያርመው ይኖራል። ትክክል ከሆነ ደግሞ በጊዜ ይደርሳል።

እናንተ ወጣቶችም፣ ሦስተኛ ጊዜ አንኳኩ። እንደኔ ያለ አለቃ ሲያጋጥማችሁ ቂም ይዛችሁ አትመለሱ፤ ሥራው የእሱ ብቻ አይደለም።

ከምሳ በኋላ ሦስት ሦስት ሆናችሁ የምትወያዩበት ስም ዝርዝር በአዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል። ስሜ ከሁለት ወጣቶች ጋር ተጽፏል፤ በ8 ሰዓት በረንዳው ላይ እጠብቃችኋለሁ። ጥቁር፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ ይዣለሁ።

አመሰግናለሁ።