ከስንብቱ በፊት እንቀመጥ

የተከበራችሁ የሠራተኛ ማኅበራችን አባላት፣ የአስተዳደር ተወካዮች፣ ከአቃቂና ከገላን የመጣችሁ የእህት ማኅበራት መሪዎች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የኢንዱስትሪ ሰላም»፣ ማለትም የአሠሪና የሠራተኛ ሰላም፣ የሚል ነው። እኔ ግን ከለቅሶ ልጀምር።

እዚህ ቃሊቲ ጎረቤት ሲሞት እድርተኛ አይቀርም። ድሮ ፎርማኑም እዚያው ድንኳን ውስጥ ስለነበር ማን ለምን እንደቀረ ያውቃል፤ ፈረቃ ያቀያይርና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዛሬ የሚቆጥረው የአሻራ ማሽን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የ3 የሥራ ቀን የሐዘን ፈቃድ ከነደመወዙ የሚሰጠው ለትዳር ጓደኛና ለቅርብ ዘመድ ነው፤ ጎረቤት የለበትም። ቀብር ውሎ የመጣ ሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጠብቀዋል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው፣ ያለ በቂ ምክንያት በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ከቀረ ይሰናበታል። የስንብቱን ደብዳቤ አልቀበልም ማለትም አያድንም፤ የስንብት ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል።

ሽማግሌ የሚፈለገው ይሄኔ ነው! እስከዚያ የት ነበርን?

ሽማግሌዎቹ ቢሮ ይገባሉ። ሥራ አስኪያጁ በአክብሮት ተቀብለው ሻይ ያስመጣሉ። «እስቲ በዓሉ ይለፍ» ይላሉ። ፋሲካ ያልፋል። «የዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ይምጣ» ይባላል። ሠራተኛው ሽማግሌ ላለማስቀየም ክስ አይከፍትም። ወደ ሥራ ልመለስ ለማለት ግን ያለው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው። በአራተኛው ወር ፍርድ ቤት ሲሄድ «በይርጋ ታግዷል»፣ ማለትም የክስ መክፈቻው ጊዜ አልፏል፣ ይባላል። በእጁ የቀረው ገና 6 ወር ያልሞላው የክፍያ ጥያቄ ነው።

ድርጅቱም የራሱ ቀን አለው። ጥፋቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ መብቱን ያጣል፤ ስለዚህ ሽምግልናው ሳያልቅ ደብዳቤውን ይጽፋል። ሁለቱም ቀን እየቆጠሩ እርቅ ከየት ይመጣል?

ከዚያ «ሠራተኛው ክስ ወዳድ ሆነ» ይሉናል። ድንኳን ተካዩ፣ ቀባሪው፣ እቁብ ሰብሳቢው ሠራተኛ ነው ክስ ወዳድ? በሰው የሚያልቀውን ነገር በማሽንና በደብዳቤ የተካው ማን ነው?

ክሱም ቢሆን ድል አይደለም። የዳኝነት ክፍያ አይከፈልበትም፤ አዋጁም በ60 ቀን ይወሰን ይላል። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ሁለቱ አብረው መሥራታቸው ከባድ ችግር ያመጣል ብሎ ካመነ፣ የረታው ሠራተኛ መመለስ እየፈለገም ካሳ አስከፍሎ ሊያሰናብተው ይችላል። መሐላ ፈጽመው የመሰከሩበት ባልደረቦቹ ደግሞ ያው የፈረቃው ልጆች ናቸው።

ማኅበሩና ድርጅቱ በሚፈራረሙት በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ይህ ይግባ፦ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በደረሰ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ፎርማኑ፣ የማኅበሩ ተወካይና ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ሽማግሌ ይቀመጡ። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ይፈረም። ከስንብት በኋላ ለሚደረግ ሽምግልና ደግሞ የቃል ተስፋ አትቀበሉ። በሽምግልናው መሃል ይርጋን የሚያቋርጠው ድርጅቱ መብታችሁን በግልጽ በጽሑፍ ሲያምን ነው። ያ ወረቀት ካልተገኘ ሦስተኛው ወር ሳይሞላ ክሱን ክፈቱ፤ ሽማግሌ አይቀየምም፣ ከተቀየመም ይቀየም።

በኤጀንሲ የተቀጠሩት ጉዳይ ለብቻው ስብሰባ ይፈልጋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የምትጠይቁም ጥያቄው በ6 ወር ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አትርሱ።

ረቂቁ አንቀጽ ጸሐፊው ጋ አለ። ከሻይ በፊት እጅ እናውጣበት።