ጥያቄው ከዳኞች ወንበር መጣ

ክቡራን ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ፣ የተከበራችሁ መርማሪዎችና ሐኪሞች፤

እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ፣ አሩሻ በሚገኘው የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት አንዲት እናት ለምስክርነት ቀረበች። ስሟ አልተጠራም፤ በመዝገቡ የምትታወቀው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ተከሳሹ በሩዋንዳ የታባ ከንቲባ የነበረው ዣን ፖል አካዬሱ ነው። በክሱ ላይ ስለ አስገድዶ መድፈር አንድም ቃል አልሰፈረም። እሷ ግን የ6 ዓመት ልጇን ሦስት ሰዎች እንደደፈሯት ተናገረች። ዳኞቹ ሰምተው አላለፉትም፤ ጠየቋት። በማዘጋጃ ቤቱም ልጃገረዶች ይደፈሩ እንደነበር መስማቷን ነገረቻቸው። ከእሷ በኋላ ሌላ ሴት በራሷ ላይ የደረሰውን መሰከረች። በዚያው ዓመት ክሱ ተሻሻለ፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት ወንጀል ሊሆን እንደሚችል በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈረደ።

ያን መዝገብ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ባይጠይቋትስ ኖሮ?

ሕጉማ ነበረ። በጦርነት ጊዜ ሲቪሎችን የሚጠብቀው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድፈርን ይከለክላል። ነገር ግን አንቀጽ 27ን ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ ድርጊቱን የሚያየው በሴቶች ክብር ላይ እንደተሰነዘረ ጥቃት ነው። እኛም በቋንቋችን «ክብሯ ተገፈፈ» እንላለን። ለማዘን ብለን የምንለው ነው፤ ግን ይጎዳታል። የቆሰለው አካሏ፣ የታወከው አእምሮዋ ሆኖ ሳለ፣ ነገሩን ክብር ካልነው እሷ የጎደለባት ነገር ያለ ይመስል አንገቷን ትደፋለች፤ ደፋሪው ቀና ብሎ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ጸድቆ በ2002 ሥራ ላይ የዋለው፣ ሄግ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነው። መድፈርን፣ ወሲባዊ ባርነትን፣ አስገድዶ ማምከንን በየስማቸው ጠርቶ የጦር ወንጀልም በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልም ያደርጋቸዋል። ተጎጂው ወንድም ቢሆን ጥበቃው ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኮንጎው ታጣቂ አዛዥ ቦስኮ ንታጋንዳ በዚህ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሲባል፣ ከጥፋቶቹ አንዱ በራሱ ታጣቂ ቡድን ውስጥ በነበሩ ልጃገረዶች ላይ የተፈጸመው መድፈርና ወሲባዊ ባርነት ነው።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ብዙ ሰው የማይገልጠውን የዚህን ፍርድ ቤት የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ደንብ ነው። ተጎጂዋ «ሌላ ደጋፊ ምስክር አምጪ» ተብላ አትገደድም። ዝም ማለቷ ወይም አለመታገሏ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። የቀድሞም ሆነ የኋላ የወሲብ ሕይወቷ ለማስረጃ አይቀርብም። በዝግ ችሎት፣ ድምጿና መልኳ ተሸፍኖ ልትመሰክር ትችላለች። እነዚህን የጻፉ ሰዎች በመስቀለኛ ጥያቄ የተሰቃዩ ሴቶችን እንዳዳመጡ ያስታውቃል።

ካሳው ላይ ግን ሕጉ ደካማ ነው፤ ይህንን መሸፋፈን አልፈልግም። ፍርድ ቤቱ ካሳ የሚያዝዘው በጥፋተኛ ላይ ነው። ታጣቂዎቹ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በፈጸሙት ወንጀል የተከሰሰው የኮንጎው ፖለቲከኛ ዣን ፒየር ቤምባ እ.ኤ.አ. በ2016 ተፈርዶበት በ2018 በይግባኝ ነፃ ሲወጣ፣ በጉዳዩ የተሳተፉ ከ5,000 በላይ ተጎጂዎች የካሳ ተስፋቸው አብሮ ተቋረጠ። ያኔ በሮም ስምምነት የተቋቋመው የተጎጂዎች አደራ ፈንድ ፍርድ ሳይጠብቅ ለመርዳት ያለውን ሥልጣን ተጠቅሞ ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ፊቱን መለሰ። እርዳታ ነው፤ ከካሳ እኩል አይደለም።

መርማሪዎች፣ የመጨረሻ ልመናዬ ለእናንተ ነው። አንዲት ሴት ፊታችሁ ስትቀመጥ በሩን ዝጉ፤ መናገር ትፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቋት። ለሌላ ቢሮ እንደገና እንዳትደግመው አንድ ጊዜ በደንብ መዝግቡ። ጥቃቱ ከደረሰባት 72 ሰዓት ካልሞላ ደግሞ ብዕሩን አስቀምጣችሁ ቶሎ ሐኪም ጋ አድርሷት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው መጀመር ያለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ቃሏን ነገም መቀበል ትችላላችሁ።

አመሰግናለሁ።