"2 ዓመት የስራ ልምድ" የሚለውን መስመር የምጽፈው እኔ ነኝ

እንደምን ዋላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ እናት አባቶችም እንኳን ደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹ "ተመራቂ ለምን የሚመጥነውን ስራ ያጣል" የሚለው ላይ ተናገሪ ሲሉኝ መጀመሪያ ልሸሽ ነበር፣ ምክንያቱም 12 ዓመት ሙሉ ኤችአር ውስጥ፣ ማለትም ሰራተኛ የሚቀጥረው ክፍል ውስጥ፣ የሰራሁ ሰው ነኝ፣ እጄ አለበት። ስለዚህ በንስሐ ልጀምር። ማስታወቂያ ላይ "አግባብነት ያለው 2 ዓመት የስራ ልምድ" የሚል ደማችሁን የሚያፈላ መስመር አለ አይደል? እሱን የምጽፈው እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሚጻፍ ልንገራችሁ። አንድ ኃላፊ ይደውልና "ጁኒየር አካውንታንት አምጪልኝ" ይላል፣ እኔም የአምናውን ማስታወቂያ እከፍትና ቀኑን ቀይሬ አወጣዋለሁ፣ የአምናው ደግሞ የካቻምናው ነው። አንድ ጊዜ ደፈር ብለን "ዜሮ ዓመት" ብለን አወጣን፣ ለአንድ ቦታ ከ600 በላይ ፖስታ መጣ! የካኪ ፖስታው ቢሮዬ ጥግ ላይ ተከምሮ መስኮቱን ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ ሁለት ሆነን ሳምንት ሙሉ ከፍተን አልጨረስነውም፣ መጨረሻ ላይ ምን አደረግን መሰላችሁ፣ ሲጂፒኤው፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ አማካይ ውጤቱ፣ ከ3.5 በታች የሆነውን ሁሉ ሳናነብ ወደ ጎን። ከዛ በኋላ "2 ዓመት" አልን፣ ፖስታው ወደ 70 ወረደ፣ እፎይ አልን። ስራው ግን ደረሰኝ መመዝገብና የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ነው፣ አካውንቲንግ የተማረ ልጅ ሶስት ሳምንት ቢያሳዩት የሚችለው። 2 ዓመቱ ስራው የጠየቀው አይደለም፣ የኔ ወንፊት ነው።

እኔም ከወንፊቱ ስር ነበርኩ እኮ። በ2001 ተመርቄ አንድ ዓመት ከምናምን ስራ ፈልጌያለሁ። ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ እመጣና ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን እናነባለን፣ እሮብና እሁድ ሪፖርተር ሲወጣ ገጹን ተከፋፍለን አንዱ ያነባል ሌላው ደብተር ላይ ይገለብጣል፣ አከራዩ "በሉ ጨርሱ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው" እያለ። ቤት ስገባ ደግሞ ጎረቤት እማዬን "ልጅሽ ስራ ያዘች?" ይላታል፣ እሷ "እየተጠራች ነው" ትላለች፣ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።

ዛሬ ቴሌግራም አለ፣ ግን ብዙም አልተለወጠም። አሁን ከታክሲ ወርጄ ስመጣ አንዲት ልጅ ፖል ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ፎቶ ታነሳለች፣ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበት የስልኩ መጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ተሸፍነዋል፣ በጥፍሯ ቀስ እያረገች ትልጣለች። ላግዝሽ ብዬ እኔም መላጥ ጀመርኩ። ልጠን ልጠን ያገኘነው ቁጥር የደላላ ሆኖ አረፈው።

አሁን ያ 600 ፖስታ ከየት መጣ? በ1943 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ እዚህ አዲስ አበባ ሲከፈት ሀገሪቱ ሌላ አልነበራትም፣ በደርግ ጊዜም ተመራቂ በመንግስት ምደባ ነበር ስራ የሚይዘው። አባቴ እስከ ዛሬ ስለ ታናሽ ወንድሜ "ምደባው መቼ ነው?" ይለኛል፣ ምን ልበለው። አሁን የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ብቻ ከ40 በላይ ነው፣ የግል ኮሌጁን ሳንቆጥር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ 70/30 መጣ፣ ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ፣ ልጁ ምን እንደሚወድ ሳይሆን ኮታው ነበር የሚመድበው። ሲቪል ኢንጂነሩን በገፍ አስመረቅን፣ ከዛ ሲሚንቶው ተወደደ፣ ዶላሩ ጠፋ፣ ሳይቱ ቆመ፣ ኢንጂነሩ ራይድ እየነዳ ነው። ባለፈው ወደ ቦሌ ያደረሰኝ ልጅ መንገድ ላይ የቆመ ህንጻ እያሳየኝ ኮለኑ፣ ምሰሶው ማለት ነው፣ ላይ ያለውን ስህተት አስረዳኝ፣ እኔ ምንም አልገባኝም፣ ግን እየነዳም ልቡ እዛው ነው።

"ተመራቂው እኮ አይችልም" የሚሉ አሉ፣ የኔ ባልደረቦችም ይላሉ። ውሸት ነው አልልም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ ችግሩ ከስር እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። በ2015 የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና ሲጀመር እኔ ከደገፉት ነኝ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ለካው ብዬ። ግን እስቲ ጠይቁኝ፣ አንድ ልጅ መውጫ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፎ ቢመጣ እኛ ምን እናረጋለን? ማለፉን እናያለን፣ ከዛ "ልምድ?" እንለዋለን።

ልምዱ ራሱ ደግሞ ጉድ አለው። ማስታወቂያው ታች ላይ በትንሹ "ከግል ድርጅት ለተገኘ የስራ ልምድ የስራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት" ይላል። መርካቶ አጎቱ ሱቅ ሶስት ዓመት ሂሳብ የያዘ ልጅ፣ ከኔ በላይ ስቶክ የሚያውቅ፣ በካሽ ስለሚከፈለው በኛ ወረቀት ላይ ልምዱ ዜሮ ነው። ከዛ ሰው ልምድ ይገዛል፣ ማህተም ይመታለታል፣ እኛም የተገዛውን እንቀጥርና ያልገዛውን እንመልሳለን። ገንዘብ ያዥ ከሆነ ደግሞ "በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል" ይባላል። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተደባብሎ ቤት የተከራየ ልጅ ማን ይፈርምለታል?

ተቀጠረ እንበል። የግሉ ዘርፍ ላይ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለን "ደመወዝ በስምምነት" የሚለው ስምምነት የአንድ ወገን ነው። የሙከራ ጊዜው በህግ 60 የስራ ቀን ነው፣ ድሮ የሰራሁበት አንድ ቤት 58ኛው፣ 59ኛው ቀን ላይ እያሰናበተ አዲስ ይቀጥር ነበር፣ ደብዳቤውን የምተይበው እኔ። አንዱ ልጅ ደብዳቤውን ተቀብሎ "እሺ፣ ይሄ ልምድ ተብሎ ይጻፍልኛል?" አለኝ። አልተጻፈለትም።

አምና ታዲያ አለቃዬን ለምኜ አንድ ነገር ሞከርኩ። 2 ዓመቱን ሰረዝኩት፣ ተያዡንም፣ በፖስታ ፋንታ የስልክ ፎርም አደረግኩ፣ መጀመሪያ ለሞሉት 100 ልጆች ሁለት ቅዳሜ ጠዋት ፈተና ሰጠን። ፈተናው የተዘበራረቀ የደረሰኝ ካርቶን ነው፣ ውስጡ ሆን ብዬ የተደገመ ደረሰኝና አንድ ወር ያለፈበት ቼክ ከትቼ። አዎ መጀመሪያ የደረሰ የሚለውም ፍትሃዊ አይደለም፣ ኔትወርክ የሌለው ይቀራል፣ እሱን ገና አልፈታሁትም። ግን ቼኩን ያገኘችው ልጅ ልምዷ ባዶ፣ ሲጂፒኤዋ 2.7 ነበር፣ በድሮው ወንፊት ፖስታዋን አልከፍተውም ነበር። አሁን ስምንት ወሯ ነው፣ ወር መጨረሻ ሂሳቡ ይታረቃል፣ አለቃዬም ዝም ብሏል፣ እሱ ዝም ካለ ተስማምቶታል ማለት ነው።

ኤችአር ሆናችሁ እዚህ የተቀመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ሁለታችሁን በመልክ አውቃችኋለሁ፣ አትደበቁ። ሰኞ የአምናውን ፋይል ስትከፍቱ ቀኑን ብቻ አትቀይሩ፣ ለክፍሉ ኃላፊ ደውሉና "ይሄ 2 ዓመት ምን ሊሰራልህ ነው?" በሉት። ተመራቂዎቹ ደግሞ ሲቪ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ሻይ ላይ ነኝ፣ እስከ 12 ሰዓት አልሄድም፣ አንድ በአንድ አየዋለሁ። የመርካቶ ሱቅ የሰራችሁም እሱን ጻፉት፣ እኔ አነበዋለሁ።